አባቴ የድሮ የሙዚቃ ፊልም ይላሉ፣ ባለቤቴ አክሽን ይላል፤ ልጆቼ የቱን ይዩ?

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ 11፣ ሴቷ 6 ዓመቷ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ወጣት ሳሉ ሲኒማ ቤት ገብተው ያዩዋቸውን የሆሊውድ የሙዚቃ ፊልሞች እስካሁን ይወዳሉ፤ ለልጆቹም ያሳያሉ። በቅርቡ ሰባት ወንድማማቾች ሚስት የሚያገኙበትን ፊልም ሲያሳዩዋቸው ቤቱ በሳቅ ሞልቶ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ከወንዱ ልጃችን ጋር አክሽን ፊልም ያያል። በቀደም ልጄ እህቱን ከኋላ አንገቷን አንቆ መሬት ላይ ጣላት። ክርኗ ተላልጧል። ለምን ስለው "እንደ ፊልሙ ስንጫወት ነው" አለኝ። አባቴ ተቆጡ። "በእኛ ጊዜ ፊልም ማለት ዘፈንና ዳንስ ነበር፤ ይህን ጉድ ከቤት አውጡልኝ" አሉ። ባለቤቴም "እኛ በቪዲዮ ቤት በድብድብ ፊልም ነው ያደግነው፤ ማንን ገደልን?" አለ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በስተቀር አይነጋገሩም። ደግሞ ትንሿ ልጄ ከአያቷ ጋር አረንጓዴ ፊት ያላት ጠንቋይ ያለችበትን የድሮ ፊልም ካየች ጀምሮ ብቻዬን አልተኛም ብላለች። አክሽኑን ልከልክል? የአባቴን ፊልሞች ብቻ ላስቀር? ግራ ገብቶኛል።»

ግራ የገባት እናት

መልስ

ውድ እህቴ፣

ፊልሙን ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገውና ከልጅቷ አንገት እንጀምር። አንገት ማነቅ ቀልድ የለውም። የታነቀ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ አንቺና ባለቤትሽ አንድ ላይ ሆናችሁ ልጁን አስቀምጡትና በአጭሩ ንገሩት። በዚህ ቤት የማንም አንገት አይያዝም፤ በጨዋታም ቢሆን። «ፊልም ላይ አይቼ ነው» የሚለውን እንደ ሰበብ አትቀበሉት። ከየትም ያምጣው፣ ያደረገው እሱ ነው። እህቱን ይቅርታ ይጠይቅ። ክርኗን ስታጥቢላትም አጠገብሽ ቆሞ ፋሻውን ያቀብልሽ፤ ያመማት መሆኑን በዓይኑ ይየው። ይህን የምልሽ ለቅጣት ብዬ አይደለም። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። አባትሽም ባለቤትሽም ከእውነቱ የያዙት ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚከራከሩት ፊልሙ የድሮ ነው የዘንድሮ፣ ዘፈን አለው ወይስ ጥይት በሚለው ላይ ነው። እኔ ሌላ ነገር ነው የምጠይቀው። ፊልሙ ውስጥ ሰው ሲመታ የተመታው ያመዋል ወይ? የመታውስ ምን ይደርስበታል?

ይህን ጥያቄ እኔ አልፈጠርኩትም። አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1961 በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አንድ ጥናት አደረገ። (የውጭውን ታሪክ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ልጆቹ አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ አዩ። ከዚያ ለብቻቸው ሲተዉ ብዙዎቹ ያንኑ ምት፣ ያንኑ መዶሻ፣ ያንኑ ስድብ ደገሙት። በ1963 ደግሞ ድብደባውን በፊልም አሳያቸው፤ አሁንም ደገሙት። ለእኛ ጉዳይ በጣም የሚጠቅመው ግን የ1965ቱ ሙከራ ነው። ፊልሙ ሦስት መጨረሻ ተሠራለት። በአንዱ ደብዳቢው ይሸለማል፣ በአንዱ ይቀጣል፣ በሦስተኛው ምንም አይደርስበትም። ሲቀጣ ያዩት ልጆች ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነው የደገሙት። ሆኖም «ያየኸውን ካሳየኸኝ ጭማቂ እሰጥሃለሁ» ሲባሉ እነሱም እንደ ሌሎቹ አሳምረው አሳዩ። ምቱን ሁሉም ተምረውታል ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ማድረግ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ከፊልሙ መጨረሻ መቅሰማቸው ነው።

በዚህ ጥናት ላይ የሚነሳው ትችት ተገቢ ነው። አሻንጉሊቱ ሲመታ ወድቆ እንዲነሳ ተብሎ የተሠራ ነው፤ እሱን መምታት ሰው ከመምታት ጋር እኩል አይደለም። ያንቺ ልጅ ግን አንገቷን የያዘው እህቱን ነው። አያያዙን ከፊልም እንዳገኘው ራሱ ነግሮሻል። እዚህ ላይ አባትሽ ልክ ናቸው።

ባለቤትሽስ? «ማንን ገደልን?» ያለው ባዶ ንግግር አይደለም። ጎርደን ዳል እና ስቴፋኖ ዴላቪኛ የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2009 ያሳተሙት ጥናት አለ። በአሜሪካ ድብድብ የበዛባቸው ፊልሞች ብዙ ተመልካች ባገኙባቸው ቀናት፣ በዚያው ምሽት የድብደባ ወንጀል ቀንሶ እንጂ ጨምሮ አላገኙትም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለጠብ ቅርብ የሆነው ወጣት በዚያ ሰዓት መጠጥ ቤት ሳይሆን ሲኒማ ቤት ተቀምጧል። ስለዚህ ፊልም አይቶ የወጣ ሁሉ ሰው ይደበድባል የሚለው ፍርሃት አይሠራም። ባለቤትሽ አብረውት በቪዲዮ ቤት ካደጉት ጓደኞቹ አብዛኞቹ ሰላማዊ ሰዎች ሆነዋል ቢል አምነዋለሁ።

ነገር ግን ያ ጥናት የአንድ ምሽት ነገር ነው፤ ስለ ልጅ አስተዳደግ አይነግረንም። ሮዌል ሂውስማንና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጨረሻ በቺካጎ አካባቢ ከ6 እስከ 10 ዓመት የነበሩ ልጆችን አጥንተው፣ ከ15 ዓመት በኋላ እንደገና ፈለጓቸው። በልጅነታቸው ድብድብ የበዛበት ቴሌቪዥን ብዙ ያዩት፣ አድገውም ለጠብ ይበልጥ የቀረቡ ሆነው ተገኙ። የቤተሰባቸው ኑሮና አስተዳደግ ግምት ውስጥ ገብቶም ግንኙነቱ አልጠፋም። ተፅዕኖው ግን በሁሉም ልጅ ላይ እኩል አልታየም። የበረታው ተደባዳቢውን ጀግና «እኔ እሱን ነኝ» ባሉት ላይና፣ ስክሪኑ ላይ ያዩትን እንደ እውነተኛ ሕይወት በተቀበሉት ላይ ነው። ስለዚህ ለባለቤትሽ የምታቀርቢለት ጥያቄ ይህ ነው። ልጃችን ፊልሙን ሲያይ ራሱን ማን ያደርጋል? የሚደበድበውን ነው ወይስ የሚደበደበውን? ሲወድቁ ያያቸው ሰዎች ቤት ደርሰው የሚያለቅስላቸው ያላቸው ይመስለዋል?

ወደ አባትሽ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። «በእኛ ጊዜ ፊልም ዘፈንና ዳንስ ነበር» ማለታቸው ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በ1933 የዳንስ ትርዒቱን «ፎርቲ ሰከንድ ስትሪት»ን የሠራው የዋርነር ስቱዲዮ፣ ከ2 ዓመት በፊት «ዘ ፐብሊክ ኢነሚ» የሚባል የወንበዴዎች ፊልም ሠርቶ ነበር። ያንን ጨካኝ ወንበዴ ሆኖ የተወነው ጄምስ ካግኒ በኋላ ኦስካር ያገኘው ሲዘፍንና ሲደንስ ነው። በ1930ዎቹ የነበሩ ወላጆችም «ልጆቻችን በፊልም ተበላሹ» ብለው ይጨነቁ ነበር። ከ1934 ጀምሮ ስቱዲዮዎቹ በጥብቅ ያስፈጸሙት የቅድመ ምርመራ (ሳንሱር) ሕግ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ጭንቀት ነው። በ1968 በዕድሜ ደረጃ እስኪተካ ድረስ ያ ሕግ ደምን፣ የግድያ ዘዴንና እርቃንን ከስክሪን አራቀ። የአባትሽ ፊልሞች ንጹህ ሆነው የሚታዩት በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው።

ሕጉ ደምን አራቀ እንጂ ክፋትን ሁሉ አላራቀም። ቤቱን በሳቅ የሞላውን ያንን ፊልም እስቲ እናየው። «ሰቨን ብራይድስ ፎር ሰቨን ብራዘርስ» ይባላል፤ የ1954 ሥራ ነው። ጎተራ ሲሠራ የሚደነሰው ዳንስ ድንቅ ነው፤ በምሳርና በሳንቃ ላይ እየዘለሉ የሚያሳዩት ጥበብ ዛሬም አፍ ያስከፍታል። ታሪኩ ግን ምንድን ነው? ትልቁ ወንድም ያገባል። ስድስቱ ታናናሾች ስድስት ልጃገረዶችን በሌሊት ከየቤታቸው ጠልፈው ወደ ተራራ ይወስዷቸዋል። በረዶ ተንዶ መንገዱን ስለዘጋው ቤተሰብ እስከ ጸደይ ሊደርስላቸው አይችልም። ልጃገረዶቹ መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ይናደዳሉ። ጸደይ ሲመጣ ግን ጠላፊዎቻቸውን ወደዋል። አባቶቻቸው ሲደርሱ ሁሉም ይጋባሉ፤ ያልቃል።

እህቴ፣ ይህ በእኛ ቋንቋ ጠለፋ ነው። በአገራችን ስንት ልጅ ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ተጎትታ ቀርታለች። በቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። በ1997 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ያንን በር ዘጋ። ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በኋላ ቢጋቡም ወንጀሉ አይሰረዝም። ፊልሙ ውስጥ ጥፊ እንኳ በሴቶቹ ላይ አያርፍም፣ ጠብታ ደምም የለም። ሆኖም ለ11 ዓመት ወንድ ልጅ «ሴት ልጅን በግድ ብትወስዳት መጨረሻ ላይ ትወድሃለች» የሚለውን በዜማ ያስተምራል። እኔን ከብዙ የአክሽን ፊልም ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ክፋቱ በሳቅ ስለመጣ ማንም «ተው» አላለም። በ1956 የተሠራው «ካሩሰል»ም ከዚህ አይርቅም። አባት ልጁን ይመታታል፤ ልጅቷም ምቱ እንደ መሳም ሆኖ እንደተሰማት ትናገራለች። ይህን ለልጅ ያለ ማብራሪያ አላሳይም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አባትሽም ይህን ሳይወዱት አይቀሩም። በ«ሰቨን ብራይድስ» ውስጥ ትንሹን ወንድም ሆኖ የሚደንሰው ራስ ታምብሊን የሚባል ተዋናይ ነው። ይኸው ሰው በ1961 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ላይ ሪፍ የተባለውን የወጣት ቡድን መሪ ሆኖ ይሠራል። ያም የሙዚቃ ፊልም ነው፤ ያም በዳንስ የተሞላ ነው፤ 10 ኦስካር አግኝቷል። በመጀመሪያው ፊልም ታምብሊን ከወንድሞቹ ጋር የሚገባበት ድብድብ ሁሉን የሚያስቅ ነው። በሁለተኛው በጩቤ ተወግቶ ይሞታል። የእሱ ሞት ሌላ ሞት ያመጣል፤ ያም ሌላ። ፊልሙ ሲያልቅ ትናንት የተጣሉት ወጣቶች ከሁለቱም ወገን ወጥተው አንድ አስከሬን ተሸክመው ይሄዳሉ። አሸናፊ የለም፤ የድል ሙዚቃም የለም። በስክሪኑ ላይ ብዙ ሰው የሚሞተው በዚህኛው ነው። ልጅ ጠብን እንዲፈራ የሚያደርገውም ይህኛው ነው። ለ11 ዓመት ልጅ ግን ትንሽ ይከብዳል፤ ሴት ልጅ የምትደፈር የሚመስልበት ክፍልም አለው። 14 ዓመት ገደማ ሲሞላው አባቱም አያቱም ባሉበት ቢያየው ደስ ይለኛል።

ለአሁኑ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ» ይበቃዋል። ሁሉም ዘፈኖቹን ያስታውሳል። እኔ ግን ልጅሽ ልብ እንዲል የምፈልገው ሮልፍን ነው። መጀመሪያ ላይ ከቤተሰቡ ትልቋ ልጅ ጋር በአትክልት ስፍራው የሚዘፍነው ጨዋ ቴሌግራም አድራሽ ነው። መጨረሻ ላይ የናዚ ልብስ ለብሶ በአባቷ ላይ ሽጉጥ ይደቅናል። ጥይት አይተኮስም። ግን ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ሽጉጥ የያዘውም ራሱ እጁ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። እዚያ ላይ ፊልሙን አቁመሽ «ይህ ልጅ ምን ነካው?» ብትይው፣ የ11 ዓመት ልጅ የሚናገረው ብዙ ነገር ይኖረዋል።

ታዲያ አክሽኑን ልከልክል ወይ ላልሽው፣ ሙሉ በሙሉ አትከልክዪ ነው የምልሽ። የቅዳሜ ማታው ጊዜ የአባትና የልጅ ጊዜ ነው፤ እሱን መንጠቅ ጉዳት አለው። መለወጥ ያለበት የሚያዩት ፊልምና የባለቤትሽ ዝምታ ነው። ወላጆች ከልጅ ጋር ቴሌቪዥን ስለማየታቸው የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ነገር አለ። ወላጅ እያየ የሚናገር ከሆነ፣ «ይህ ልክ አይደለም፤ ይህ ሰውዬ አሁን ምን ተሰማው?» የሚል ከሆነ፣ የድብድቡ ተፅዕኖ ይቀንሳል። ዝም ብሎ አብሮ ካየ ግን ልጁ ዝምታውን እንደ ይሁንታ ይወስደዋል። አባቱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አንገት ሲሰበር ፈንዲሻ እየበላ ከሳቀ፣ ለልጁ ያ ፈቃድ ነው። ባለቤትሽ ንግግር ማድረግ አይጠበቅበትም። በአንድ ፊልም ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ትንሿ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሳሎን ውስጥ አትሁን፤ ከአያቷ ጋር ሌላ ክፍል ትሁን ወይም ትተኛ።

ሁለቱን ሰዎች ለማስታረቅ የሚረዳሽ ሰው አለ፤ ጃኪ ቻን። ባለቤትሽ በቪዲዮ ቤት ካደገ ሳያውቀው አይቀርም። ጃኪ ቻን የጂን ኬሊን ዳንስ እንደሚያደንቅና ከእሱ እንደተማረ ብዙ ጊዜ ተናግሯል። ጂን ኬሊ ደግሞ የአባትሽ ሰው ነው፤ በ1952ቱ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ዣንጥላ ይዞ በዝናብ የሚደንሰው። አንድ ቅዳሜ ሁለቱን አከታትላችሁ እዩ። የድሮዎቹ ዳንሰኞች፣ በተለይ ፍሬድ አስቴር፣ ካሜራው ከራስ እስከ እግራቸው እንዲያሳያቸውና በመሃል እንዳይቆረጥ ይፈልጉ ነበር። ማታለል የለም፤ የምታዪው ሰው የእውነት እያደረገው ነው። ጃኪ ቻንም ድብድቡን የሚያቀናብረው እንደዚያው ነው። ወንበሩም መሰላሉም የዳንሱ አካል ይሆናል።

ለልጅሽ ደግሞ ዋናው ትምህርት ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። ብዙዎቹ የጃኪ ቻን ፊልሞች ስም ዝርዝሩ ሲወርድ ያልተሳኩትን ቀረጻዎች ያሳያሉ። ይወድቃል፣ ይደማል፣ በቃሬዛ የሚወሰድበትም አለ። በ«ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን»ም ዴቢ ሬይኖልድስ ገና 19 ዓመቷ ነበር፤ የዳንስ ሥልጠና አልነበራትም። «ጉድ ሞርኒንግ» የሚባለውን ዘፈን ቀኑን ሙሉ ሲቀርጹ እግሯ እስኪደማ ደንሳለች። ይህን ንገሩት። ስክሪኑ ላይ ቀላል የሚመስለው ሁሉ በእውነተኛ ሰው ገላ ላይ የሚያርፍ ሕመም እንዳለው ይወቅ። ፋሻውን ያቀብልሽ ያልኩት ለዚህ ነው። የእህቱ ክርንና የጃኪ ቻን ቁስል በአእምሮው ውስጥ አንድ ላይ እንዲቀመጡ ነው የምፈልገው።

ወደ ትንሿ ልሂድ። ያየችው «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ነው፤ የ1939 ፊልም። ከዚያች አረንጓዴ ጠንቋይ የሸሸ ልጅ እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ጆአን ካንተር የምትባል የአሜሪካ ተመራማሪ የልጆችን ፍርሃት ለማጥናት ይህንኑ ፊልም ተጠቅማለች። «ተራ ሴት ናት፣ ልብስ ለብሳ ነው» ብሎ ማስረዳት ከ9 ዓመት በላይ ያሉትን ረዳቸው፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉትን አልረዳቸውም። ለትንሽ ልጅ የሚያስፈራው መልኩ ነው፤ ቃል መልኩን አያጠፋውም። ስለዚህ «ውሸት ነው፣ ዝም ብለሽ ተኚ» አትበሏት። እቀፏት። መብራቱን ትንሽ ተዉላት። ለጥቂት ቀናት አብረሻት ተኝተሽ፣ ቀስ በቀስ ወደ በሩ ተጠጊ።

ቀን ቀን ደግሞ ጠንቋይዋን ሠርታ ትልበሳት። ጠንቋይዋን የተጫወተችው ማርጋሬት ሃሚልተን ወደ ትወና ከመግባቷ በፊት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። በ1975 ወደ ፍሬድ ሮጀርስ የልጆች ፕሮግራም ሄዳ፣ ልጆች እያዩ ያንን ጥቁር ልብስና ባርኔጣ አንድ በአንድ ለበሰች። ማስተዋልዋ ያስደንቀኛል። አልፈራም በሉ አላለቻቸውም፤ እንዴት እንደምትሠራ አሳየቻቸው። እናንተም ከወረቀት ባርኔጣ ሥሩ፣ የድሮ ሻሽ አልብሷት፣ ፊቷን አረንጓዴ ቀቧት። አያቷ የሚፈሩ ይምሰሉ፤ እሷ ትሳቅባቸው። ፊልሙን እንደገና ለማየት ራሷ እስክትጠይቅ ድረስ አታሳዩዋት። ወር አልፎም እንቅልፍ ካጣች፣ ወይም በቀን ከአንቺ መለየት ካቃታት፣ ለልጆች ሐኪም አሳያት።

በመጨረሻ ሁለቱን ሰዎች በልጆቹ ፊት አታነጋግሪያቸው። አባትሽን ለብቻቸው ቡና ላይ አግኚያቸው። «ልጁ አያያዙን ከፊልም መማሩ እውነት ነው አባዬ፤ ልክ ነበሩ» ብለሽ ጀምሪ፤ ከዚያ የሰባቱን ወንድማማቾች ነገር አንሺላቸው። የልጅ ልጃቸው ሴት መሆኗን ሲያስቡ ይገባቸዋል። ለባለቤትሽም «ቅዳሜህን አልወስድብህም» በዪው፤ ከዚያ ስለ ዝምታው ንገሪው። የሚቀጥለውን ፊልም አባትሽ ይምረጡ፤ ማብራሪያውን ባለቤትሽ ይስጥ። የሚቀጥለውን ደግሞ በተቃራኒው። ይህን ሞክራችሁ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ።